ቅዳሜ የሚያልቀው የእሁድ ውድድር፦ ሞናኮ ላይ መኪና መቅደም ለምን አቃተ?

ወደ ደብረ ማርቆስ በመኪና የሄደ ሰው የዓባይ በረሃን ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስትጀምሩ ከፊታችሁ ተሳቢ የሚጎትት የጭነት መኪና ከገባ በቃ፣ አለቀ። ላንድክሩዘር ያዙ፣ ላዳ ያዙ ለውጥ የለውም። ሁላችሁም በእሱ ፍጥነት ነው የምትወርዱት። ኩርባው ይጠማዘዛል፣ ገደሉ በአንድ በኩል ነው፣ ደርቦ ማለፍ ደግሞ ነፍስን ማስያዝ ነው። ቀድሞ ሊደርስ የሚችለው ከላይ ቀድሞ የገባ ብቻ ነው።

የሞናኮ የፎርሙላ ዋን ውድድር በአጭሩ ይሄው ነው። በ2024 ከ1ኛ እስከ 10ኛ ሆነው የጀመሩት አሽከርካሪዎች 78 ዙር ዞረው ልክ በጀመሩበት ቅደም ተከተል ጨረሱ። አንድ ቦታ እንኳን የተቀያየረ የለም። በፎርሙላ ዋን ታሪክ እንዲህ ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነበር። በማግስቱ ማኅበራዊ ሚዲያው ሁለት ቦታ ተከፈለ። ግማሹ "ይሄ ውድድር ነው ወይስ የሠርግ አጀብ?" ሲል ሌላው "ሞናኮ ሞናኮ ነው፣ አርፋችሁ ተቀመጡ" ይል ነበር።

ሁለቱም ወገን የሚለው አለው። ግን ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ ካልገባን ክርክሩም አይገባንም። (ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ የከተማ መንገድ ውድድር ምንድነው?

አብዛኛው የመኪና ውድድር የሚደረገው ለዚሁ በተሠራ ቦታ ነው። ሰፊ አስፋልት፣ ዙሪያውን ሣርና ጠጠር። አሽከርካሪው ሲሳሳት ጠጠሩ ላይ ይወጣል፣ አቧራ ያስነሳል፣ አንዳንዴም ተመልሶ ይገባል።

የከተማ መንገድ ውድድር ግን ሰው በሥራ ቀን አውቶቡስ የሚሳፈርበት መንገድ ላይ ነው። ታላቁ ሩጫ ሲኖር መስቀል አደባባይ እንደሚዘጋው በሉት። ልዩነቱ ሯጩ ሰው ሳይሆን በሰዓት ወደ 290 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና መሆኑ ነው። ጠጠር የለም። ሣር የለም። አስፋልቱ ካለቀ የብረት አጥር ነው፣ ከአጥሩ ጀርባ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ወይም ባሕር።

ለሞናኮ ይህን ሁሉ መገጣጠም 6 ሳምንት ያህል ይወስዳል። በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር የብረት አጥር ይተከላል፣ የተመልካች መቀመጫ ይቆማል፣ ሽቦ ይወጠራል። ውድድሩ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም ይነቀላል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፣ እኔን በጣም የሚገርመኝ እሷ ናት። የማንሆል ክዳን። እኛ ጋ ክዳኑ በሌሊት ይጠፋል፣ ጠዋት ጉድጓዱ ውስጥ ሰው ቅርንጫፍ ይተክልበታል። እነሱ ጋ ክዳኑ ይበየዳል። ለምን ቢባል የፎርሙላ ዋን መኪና ከመሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም፤ ከሆዱ ሥር የሚያልፈው አየር ደግሞ መኪናውን ወደ መሬት ይስበዋል፤ በዚያው ልክ መሬት ላይ ያለውን ክዳን ወደ ላይ ይስበዋል። በ2016 ሞናኮ ልምምድ ላይ አንድ ክዳን ተነቅሎ የጄንሰን በተንን መኪና መትቷል። በ2023 ደግሞ ላስ ቬጋስ ጎዳና ላይ የካርሎስ ሳይንዝን ፌራሪ ሆዱን ቀዶታል። ብረት ነው፣ ከባድ ነው፣ ግን ይነሳል።

ግን ለምን ከተማ መሃል? ሌላ ቦታ አጡ?

አዎ፣ አጡ። ቀልድ አይደለም።

ሞናኮ 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች አገር ናት። በዓለም ከእሷ የምታንሰው ቫቲካን ብቻ ናት። በ1920ዎቹ የሞናኮ አውቶሞቢል ክለብ በዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ማኅበር ውስጥ እንደ አንድ አገር ክለብ ሙሉ እውቅና ጠየቀ። መልሱ "አይሆንም" ነበር። ክለቡ ታዋቂ የሆነበት የሞንቴ ካርሎ ራሊ በአብዛኛው የሚካሄደው በሌሎች አገሮች መንገድ ላይ ስለነበር "በራሳችሁ መሬት ላይ ውድድር አሳዩን" ተባሉ።

አንቶኒ ኖጌስ የሚባል የክለቡ ሰው ያለውን መሬት አየ። ያለው ደግሞ ወደቡና ከወደቡ በላይ ያለው ዳገት ብቻ ነው። እሱኑ ዞረበት። ሚያዝያ 1929 የመጀመሪያው ውድድር ተደረገ፣ ዊሊያም ግሮቨር ዊሊያምስ በአረንጓዴ ቡጋቲ አሸነፈ። ዛሬ የመጨረሻዋ ኩርባ በኖጌስ ስም ትጠራለች። ስለዚህ መንገዱ ጠባብ የሆነው ማንም ጠባብ ይሁን ብሎ ስለነደፈው አይደለም። አገሪቱ ራሷ ጠባብ ናት።

መንገዱ ምን ይመስላል?

አንዱ ዙር 3.337 ኪሎ ሜትር ነው። 19 ኩርባ አለው። ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ቦታ 42 ሜትር ከፍታ ይወጣል፣ ይወርዳል። የኩርባዎቹን ስም ስትሰሙ ደግሞ የታክሲ ፌርማታ ነው የሚመስላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ፣ ካዚኖው ጋ፣ ሆቴሉ ጋ፣ ሲጋራ መሸጫው ጋ፣ መዋኛው ጋ። ወራጅ አለ ማለት ብቻ ነው የሚቀረው።

ከወደቡ ጎን ይጀመራል። የመጀመሪያዋ ኩርባ ሳንት ዴቮት ትባላለች፣ የአገሪቱ ጠባቂ በሆነችው ቅድስት ስም የተሰየመች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እዚያው ጥግ ላይ አለች። ከዚያ ዳገት ነው። ዳገቱን ጨርሰው ካዚኖው አደባባይ ሲደርሱ ከፊታቸው ያለውን አያዩም፣ መንገዱ ጫፉ ላይ ይሰወራል። ወዲያው ቁልቁለት። እዚህ ላይ አስፋልቱ አንድ ጉብታ አለው፤ መኪኖቹ ሁሉ እሱን ለመሸሽ ሸተት ይላሉ። በሚሊዮኖች የሚቆጠር ገንዘብ የወጣበት መኪና እንደ ሚኒባስ ጉብታ ሲሸሽ ማየት ደስ ይላል።

ከዚያ ታዋቂዋ የሆቴሉ ኩርባ ትመጣለች። ፎርሙላ ዋን ውስጥ ካሉ ኩርባዎች ሁሉ ቀርፋፋዋ ናት። መኪናው ወደ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይወርዳል፣ ማለትም በሥራ ቀን እዚያው መንገድ ላይ ለሕዝብ ከተፈቀደው ፍጥነት አይበልጥም። ከላይ በሚቀርጸው ካሜራ የአሽከርካሪውን እጅ ተመልከቱ። መሪውን እስከ መጨረሻው ይጠመዝዘዋል፣ ክንዱ ከክንዱ ጋር ይጠላለፋል፣ ጎማው ከዚህ በላይ አልዞርም ይላል፣ እሱ ግን ገና አልታጠፈም። ቡድኖቹ ለዚች አንዲት ኩርባ ሲሉ የመሪውን ሥርዓት ቀይረው ይመጣሉ። ሌላ አገር ያ ሁሉ መታጠፍ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ዋሻው ነው። ከፀሐይ ወደ ጨለማ፣ በሙሉ ፍጥነት፣ ከጨለማው ደግሞ ወደሚያንጸባርቅ ባሕር። ዓይን ሳይለምድ ፍሬን መያዝ አለበት። ከዚያ ወደቡን ይዞ፣ ሲጋራ መሸጫውን አልፎ፣ መዋኛውን ዞሮ፣ ላ ራስካስ የሚባለውን ምግብ ቤት ታጥፎ መነሻው ጋ ይመለሳል። በ2025 ላንዶ ኖሪስ ይህን ሁሉ በ1 ደቂቃ ከ9.954 ሰከንድ ዞረው። ከ1 ደቂቃ ከ10 በታች ሲገባ የመጀመሪያው ነው።

ብራዚላዊው ኔልሰን ፒኬ ሞናኮ ላይ መንዳትን ሳሎን ውስጥ ብስክሌት እንደመንዳት ነው ብሎ ነበር። ሳሎኑ ደግሞ ሶፋ አለው።

ታዲያ መቅደም ለምን አይቻልም?

አንድ መኪና ሌላውን ለመቅደም ከሁለት አንዱን ይፈልጋል። ወይ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ፣ ወይ ከባድ ፍሬን የሚያዝበት ሰፊ ኩርባ። ሞናኮ ሁለቱም የለውም። ረጅሙ ክፍል ዋሻው ነው፣ እሱም ቀጥ ያለ አይደለም፣ ይታጠፋል።

ሌላው የመኪናው ነገር ነው። በ1950ዎቹ የነበሩት ጠባብና አጭር ነበሩ። መንገዱ ያው ነው፣ መኪኖቹ ግን አደጉ። ከ2017 ጀምሮ ወርዳቸው 2 ሜትር ደረሰ፣ ርዝመታቸው ከ5 ሜትር በላይ። ለ2026 ወርዱ በ10 ሴንቲ ሜትር ተቀንሷል። በአሮጌ ሰፈር ቅያስ ውስጥ ሁለት አይሱዙ ጎን ለጎን ለማሳለፍ ሞክሩና 10 ሴንቲ ሜትር ምን እንደሚፈይድ ንገሩኝ።

በዚህ ላይ ከፊት ያለው አሽከርካሪ ቶሎ መሄድ አይጠበቅበትም! ይሄ ነው ለብዙ ሰው የማይገባው። ሌላ ቦታ ፊት ያለው ከዘገየ ይቀደማል። ሞናኮ ላይ ግን መሃል መንገዱን ከያዘ ቢዘገይም ማንም አያልፈውም። ከሁሉ የሚያስረዳው የ2018ቱ ነው። ዳንኤል ሪካርዶ እየመራ ሳለ ውድድሩ ግማሽ እንኳን ሳይደርስ የመኪናው የኤሌክትሪክ ሞተር ተበላሸ። ከጉልበቱ ሩብ ገደማ ሄደበት። ከኋላው ደግሞ የአራት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ሴባስቲያን ፌትል በፌራሪ እየተከተለው ነው። ሌላ አገር ቢሆን በሁለት ዙር ውስጥ አልፎት አቧራውን ያስቅመው ነበር። ሪካርዶ ግን በዚያች ባለተሳቢ የዓባይ በረሃ ዘዴ እስከመጨረሻው ይዞት ሄዶ አሸነፈ።

እና ቅዳሜ ምን ይሆናል?

ቅዳሜ የማጣሪያ ቀን ነው። እያንዳንዱ አሽከርካሪ መንገዱን በተቻለው ፍጥነት ይዞራል፣ በሦስት ደረጃ ዘገምተኞቹ እየተቀነሱ ይሄዳሉ፣ ፈጣኑ እሁድ ከፊት ይጀምራል። ይህችን የመጀመሪያ ቦታ ፖል ፖዚሽን ይሏታል። መነሻ ቦታን በፈጣን ሰዓት መደልደልም ቢሆን ከዚሁ የመጣ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ቦታ የሚያዘው በአብዛኛው በዕጣ ነበር፤ በ1933 ሞናኮ የልምምድ ሰዓትን መለኪያ አደረገች። ቦታ እዚህ አገር ምን ዋጋ እንዳለው ቀድመው ገብቷቸዋል።

ስለዚህ ቅዳሜ ሰው ያብዳል። በ1988 አይርተን ሴና ከቡድን ጓደኛው ከአላን ፕሮስት ጋር አንድ ዓይነት መኪና ይዞ 1.4 ሰከንድ ያህል በለጠው። በዚህ ስፖርት 1 አሥረኛ ሰከንድ ብዙ ነው፤ 1.4 ሰከንድ ማለት ሌላ ዓለም ነው። (እሁድ እየመራ፣ ብቻውን ርቆ ሄዶ፣ ሊጨርስ ጥቂት ዙር ሲቀረው ከዋሻው በፊት አጥሩን መታ። ወደ ቡድኑ ሳይመለስ እዚያው ከተማ ወዳለው ቤቱ ሄደ። ያም ሆኖ ሞናኮን በድምሩ 6 ጊዜ አሸንፏል፣ እስካሁን የደረሰበት የለም።)

በ2006 ደግሞ ሚካኤል ሹማከር ፈጣኑን ሰዓት ይዞ ሳለ በማጣሪያው መጨረሻ ሰከንዶች መኪናውን ላ ራስካስ ላይ አቆማት። ቢጫ ባንዲራ ተውለበለበ (አደጋ አለ፣ ቀስ በሉ ማለት ነው)፣ ከኋላ ሰዓታቸውን ሊያሻሽሉ የሚመጡት ሁሉ ተሰናከሉ። "ተሳሳትኩ" አለ። ዳኞቹ አላመኑትም፣ መጨረሻ ወስደው አሰለፉት። የሰባት ጊዜ ሻምፒዮን እንኳን ለዚች ቦታ ሲል ይሄን አደረገ ተብሎ ተቀጣ።

2024 ላይ ታዲያ ምን ተፈጠረ? 2025ስ?

እዚህ ጋ አንድ ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። ዝናብ ከሌለ እያንዳንዱ መኪና በውድድሩ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ጎማ መጠቀም አለበት። ይህ ማለት ቢያንስ አንዴ ፒት (ከመንገዱ ጎን ያለው የቡድኖቹ መቆሚያ) ገብቶ ጎማ መቀየር ማለት ነው። ሞናኮ ላይ ደረጃ የሚቀያየርበት ዋናው ዕድልም ይሄው ነው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይቀድመዋል።

በ2024 በመጀመሪያው ዙር ዳገቱ ላይ ሦስት መኪና ተጋጨ። የሰርጂዮ ፔሬዝ መኪና ብረታ ብረት ሆና ቀረች፣ እሱ ግን በእግሩ ወጣ። ቀይ ባንዲራ ተውለበለበ፣ ውድድሩ ቆመ። ችግሩ ቀይ ባንዲራ ላይ ጎማ መቀየር ይፈቀዳል፣ ሕጉንም እንዳሟሉ ይቆጠራል። ከፊት ያሉት በሙሉ ቀየሩ። ከዚያ በኋላ መግባት የሚያስፈልጋቸው ነገር አልነበረም። ቀሪዎቹን ዙሮች ጎማቸውን እያባበሉ፣ ቀስ ብለው፣ ተሰልፈው ጨረሱ። ያሸነፈው ሻርል ሌክሌር ነው፣ የሞናኮ ልጅ፣ ከልጅነቱ እዚያው ያደገ። ከ1931 ወዲህ የራሷን ውድድር ያሸነፈ ሞናኳዊ አልነበረም። ለእሱ አሰልቺ አልነበረም፣ ይሄን እርግጠኛ ነኝ።

አዘጋጆቹ ግን ደነገጡ። ለ2025 "ሁለት ጊዜ ግቡ" የሚል ሕግ ለሞናኮ ብቻ ወጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን ለብልጥ ሰው ሕግ ስታወጣ ብልጠቱን ነው የምታበዛው። ቡድኖቹ ሁለት ሁለት መኪና አላቸው አይደል? አንደኛው ሆን ብሎ ይዘገያል፣ ከኋላው ያለውን ሁሉ ያግዳል፣ ከፊት ያለው ጓደኛው ርቆ ሄዶ ጎማ ቀይሮ ቦታውን ሳያጣ ይመለሳል። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ቡና ሰልፍ ላይ "ቦታ ያዥልኝ" እንደማለት።

ጆርጅ ራስል ከአሌክስ አልቦን ኋላ ተይዞ ሲንገበገብ ቆይቶ በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠ። ከዋሻው መውጫ ያለችውን ኩርባ ሆን ብሎ በአቋራጭ ቆረጣትና አለፈው፣ ቅጣቱን እቀበላለሁ አለ። ዳኞቹም ከጠበቀው የከበደ ቅጣት ሰጡት። ኖሪስ አሸነፈ። የመጀመሪያዎቹ አራት አሽከርካሪዎችስ? ልክ እንደጀመሩት ጨረሱ። ያ ሁሉ ሕግ ወጥቶ!

ባሕሩስ? አደጋ የለውም?

አለው እንጂ። በ1950 ነፋስ ያነሳው ማዕበል የወደቡን ግንብ ዘሎ አስፋልቱን አረጠበው። በመጀመሪያው ዙር አንዱ ተንሸራተተ፣ ከኋላ የመጡት እየተላተሙ ተከመሩ። ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ ግን ያን ኩርባ ሊገባ ሲል ተመልካቾቹን አየ። የሚመራው እሱ ሆኖ ሳለ እሱን አያዩም፣ ፊታቸውን አዙረዋል። አንድ ነገር አለ ብሎ ፍሬን ያዘ። ክምሩን በቀስታ አልፎ አሸነፈ። እኔ ከዚህ ስፖርት ታሪኮች ሁሉ የምወደው ይሄን ነው። መንገዱን ሳይሆን የሰውን ጀርባ አንብቦ መዳን።

በ1955 አልቤርቶ አስካሪ ከነመኪናው ባሕር ገባ። ከነላንቺያው። ዋኝቶ ወጣ፣ አፍንጫው ብቻ ተጎዳ። ከአራት ቀን በኋላ ሞንዛ ላይ መኪና ሲሞክር ሞተ። በ1967 ሎሬንዞ ባንዲኒ እዚያው ወደቡ አጠገብ ተገለበጠ፤ ያኔ መከለያው የጭድ እስር ነበር፣ ጭዱ በእሳት ተያያዘ፣ ባንዲኒ ከሦስት ቀን በኋላ አረፈ። ጭድ ከዚያ በኋላ ቀረ።

አሁን ሁለት ሦስት እጥፍ የብረት አጥር፣ ኃይል የሚያበርድ መከለያና ሽቦ አለ። የተበላሸ መኪና በክሬን ተንጠልጥሎ በአጥሩ ላይ ይነሳል፤ ሠራተኞቹ በዚህ ፍጥነታቸው የታወቁ ናቸው። የሚገርመው መንገዱ ጠባብ መሆኑ አንዳንዴ ይጠቅማል፣ ፍጥነቱ ከሌላ ቦታ ያንሳልና።

ይሄ ሁሉ ከሆነ ለምን አይተዉትም?

ገንዘቡ፣ ጀልባዎቹ፣ ስሙ። ስፖንሰር ደንበኛውን ይዞ የሚመጣው እዚህ ነው። ብዙዎቹ አሽከርካሪዎች የሚኖሩትም እዚያው ነው፤ የገቢ ግብር የለም፣ አትፍረዱባቸው። ሌሎች ውድድሮች ቢያንስ 305 ኪሎ ሜትር መሆን ሲኖርባቸው ሞናኮ በ260 እንድታልፍ የተፈቀደላትም በዚሁ ስሟ ነው። ውሏ እስከ 2035 ተራዝሟል፣ ቀኑ ብቻ ከ2026 ጀምሮ ከግንቦት ወደ ሰኔ መጀመሪያ ተገፍቷል።

ሌሎች የወደብ ከተሞች ትምህርቱን ወስደዋል። ሲንጋፖር በ2008 በሌሊት ጀመረች። ጅዳ ያላችሁ ደግሞ ኮርኒሹ ላይ ያለውን ታውቁታላችሁ፣ 6.174 ኪሎ ሜትር፣ ቀይ ባሕርን ይዞ። እዚያ ይቀደማል፤ ቦታ ስላለ። ሞናኮ ቦታ የላትም፣ ከባሕሩ ላይ ካልሞላች በቀር። እሱንም ሞልታለች፣ ግን ለአፓርታማ።

የኔን ከጠየቃችሁኝ፦ እሁዱን ተዉት፣ ቅዳሜን እዩ። የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ብቻ። ጎማው የብረት አጥሩን ሲያሽ ለማየት ሞክሩ፣ መዋኛው ጋ በደንብ ይታያል። እሁድ ምሳ በልታችሁ መተኛት ትችላላችሁ፤ ስትነሱ አንደኛው ያው ነው።